ከግድግዳው ወዲያ የሚያንኳኳ

ፋኑኤል ምስሩን ዘገነና በጣቶቹ መሃል አፈሰሰው።

«ድንጋይ አለው?»

«ያልተለቀመ ምስር ድንጋይ ያጣል እንዴ?»

የመተዋወቂያ ቃሉ ተሟላ።

ሾላ ገበያ ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ይጮኻል። ቢፍቱ ከቅመም ጆንያዎቿ መሃል ቀና ሳትል ትመዝናለች። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ያወጣላት ስም «ኮረሪማ» ነው። የእሱ «መልህቅ»።

«አትዙር» አለችው። «አንድ ባለ ግራጫ ጃኬት ከሽንኩርት ተራ ጀምሮ ተከትሎሃል።»

«አይቼዋለሁ። እኔን ተከትሎ ይሄዳል።»

በጨርቅ የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ቁራጭ ከሸሚዙ ስር አውጥቶ ምስሩ ውስጥ ቀበረው። መዳፍ አይሞላም። ለዚህ ሲል ክረምቱን ሙሉ ከየካ ሚካኤል ጀርባ፣ በጋሮማ ወርክሾፕ ውስጥ ቆርቆሮ ሠሪ መስሎ ኖሯል።

ወርክሾፑ ያረጀ የአውሮፕላን ዕቃ ያድሳል። በአውሮፕላን ጭራ በኩል የተሳፋሪውን አየር አፍኖ የሚይዝ ጎባጣ ግድግዳ አለ። የሙያው መጽሐፍ ባልክሄድ ይለዋል። መርከበኞችም ውሃ የሚያግደውን ግድግዳ በዚያው ስም ይጠሩታል። የጋሮማ ሠራተኞች ግን ከበሮ ነው የሚሉት፤ ሲያንኳኩት ይናገራልና። አንድ የተሰነጠቀ ከበሮ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ነገ ጠዋት ሰው ጭኖ በሚነሳ የኪራይ አውሮፕላን ውስጥ ተገጥሟል። አየር ላይ ከተከፈተ ጭራውን ይዞ ይሄዳል። ቁራጩ ዳሩ ሲከረከም የተረፈ ነው። ስንጥቁም ስቱኮውም ይታይበታል።

«ለጋሽ ገላው እንዳትሰጪው።»

እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ራስህ አምጣልኝ ብሎ እንጦጦ ጠርቶኛል።»

ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል። አለቃና ሰላይ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ በመካከላቸው ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው ይቆማል። ሕጉን ያወጣው አለቃቸው ገላው ራሱ ነው። «ግድግዳ» ይለዋል። ግድግዳ የሠራ ሰው በገዛ እጁ ሲያፈርሰው ምክንያት አለው።

«ቀጥታ ለበረራ ደኅንነት መርማሪዋ። እጇ ላይ።»

«ቢይዙኝስ?»

«አትደውዪልኝ። ብትደውዪም አላነሳም።»

«ወንድም ሰጠኝ እባክህ» አለች፣ ምስሩን እየቋጠረች። «አንተስ ባዶ እጅህን ልትሄድ?»

«ሌላ ቁራጭ ይዣለሁ። ጤነኛ።»

«ጤነኛ ቁራጭ ለበሽተኛ ሰው» አለችና ሳቀች።

ኮንቴይነሩ ከእንጦጦ አስፋልት ገባ ብሎ ባሕር ዛፍ መሃል ተቀምጧል። የመንገድ ሥራ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ባሕር ተሻግሯል። ፋኑኤል በሩን ከመሳቡ በፊት የእጁን ጀርባ አስጠጋበት። የመርከብ ልማድ ነው። ከወዲያ እሳት ካለ ብረቱ ይግላል። ውሃ ካለ ይቀዘቅዛል።

ቀዘቀዘው።

የመርከብ ባልደረባው አካሉ ትዝ አለው። ሁልጊዜ እንዲህ ይመጣበታል። ቀይ ባሕር ላይ፣ በዚሁ መሥሪያ ቤት ሥራ፣ የመርከቧ ሆድ ሲቀደድ አካሉ ከታች ነበር። ገላው በሬዲዮ «በሩን ዝጉት» አለ። ተዘጋ። አካሉ ግድግዳውን ማንኳኳት ጀመረ። ፋኑኤል ከወዲህ ጆሮውን ለጥፎ እስከ መጨረሻው ሰማ። መርከቧ ዳነች። ገላው ተሾመ።

ገባ።

ገላው ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ጋሮማ ቆሟል። ሽጉጥ ይዟል።

«ትተዋወቃላችሁ ለካ፣ ጋሽ ገላው።»

«ቁራጩን ስጠው» አለ ገላው። «ነገሩ አንተ ከምታውቀው ይሰፋል። መርከብ የሚተርፈው አንድ ክፍሉ ውሃ ሲሞላ ነው።»

እንዲህ የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ግድግዳው የት እንደሚቆም ይሥላሉ። በሩ መቼ እንደሚዘጋ ይወስናሉ። ውሃ በሚሞላው ክፍል ውስጥ ግን አንድም ቀን ተገኝተው አያውቁም። አገር ይላሉ፣ ጥቅም ይላሉ፤ ሹመታቸው ግን አብሮ ሰምጦ አያውቅም።

ጋሮማ ቁራጩን ተቀበለ። ከኪሱ ሳንቲም አወጣ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ በሩን ያንኳኳል፣ ስቱኮ የበላ ቆርቆሮ ድምፁ ይታፈናልና።

አንኳኳ። ጥርት ያለ ድምፅ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። «የእኔ ሥራ መች እንዲህ ይጮኻል?»

ስልኩን አወጣ። «ቅድም የቆመባት ቅመም ሻጭ። ፈልጋት።»

ፋኑኤል ስህተቱ ገባው። ባለ ግራጫው ጃኬት እሱን ብቻ ይከተላል ብሎ ነበር።

የፋኑኤልን ስልክ ነጥቀው መሬት ላይ ጥለውታል። ብዙ ቆይቶ፣ የበሩ ስንጥቅ መጨለም ሲጀምር፣ ጠራ። ኮረሪማ። ስልኩ ብረቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ያንኳኳል።

ቆመ።

እንደገና አንኳኳ።

«አንሳውና የት እንዳለች ጠይቃት» አለ ጋሮማ። «ሁለታችሁም በሕይወት ታድራላችሁ።»

«ድረስልኝ» ካለችው ሁሉን ይናገራል። ራሱን ያውቃል።

ጋሮማ ጎንበስ ሲል ፋኑኤል ስልኩን በተረከዙ ረገጠው።

ዝም አለ።

ሰደፉ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ደሙን እየጠረገ ጠበቀ። በመጨረሻ የጋሮማ ስልክ ጮኸ። ጋሮማ ሰማ፣ ከዚያ ወደ ገላው ዞረ።

«መርማሪዋ ሳንቲም ይዛ ጭራው ውስጥ ገብታለች። ከበሮውን እያንኳኳችው ነው።»

ጋሮማ ወደ መኪናው ሮጠ። አስፋልቱ ላይ አትሌቶች እየሮጡ ነው፤ ጥይት ቢተኩስ ሁሉም ይሰማሉ። መኪናው ተነሳ።

«ፋኑኤል፣ ልጄ» አለ ገላው፣ ከሳጥኑ እየተነሳ።

ፋኑኤል ቀድሞት ወጣ። በሩን ገፋው። መቀርቀሪያውን ጣለ።

ከውስጥ መንኳኳት ጀመረ።

አንዲት ሯጭ ቆም አለች። «ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«አለ። ስልክሽን ታውሺኛለሽ? ፖሊስ ልጥራለት።»

አውሮፕላኑ አልተነሳም። ጋሮማ በሱሉልታ መንገድ ተያዘ። ቢፍቱን ግን ቀበና ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ስር ሞታ አገኟት።

መርማሪዋ የነገረችው ይህንን ነው፦ ቁራጩን እጇ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ቢፍቱ ስልኳን አውጥታ ነበር። «አላነሳም ብሎኛል፤ እስቲ ልሞክረው» ብላ ሳቀች። አላነሳም። እየሳቀች ወጣች።

ያ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ሁለተኛውን ከየት ሆና እንደደወለች የሚያውቅ የለም።

ፋኑኤል አሁን ሌላ ስም አለው። የተከራየው ክፍል ከጎረቤቱ የሚለየው በቺፑድ ግድግዳ ነው። ሰፈሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር አያውቅም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ጨው የጎደላት፣ በር የተሳሳተ፣ ሰካራምም ቢሆን፣ ያንኳኳ ሁሉ ይከፈትለታል።

ሁለተኛ ጊዜ ሳያንኳኳ።