የአክስቴ ፀጉር ቀይ ነው

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ግድግዳው ላይ የፀደይ አክስት ፀጉር እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀይ ጨሌዋም ጠቁሮ ይታያል።

ፀደይ ያለችበት የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ስለ ካኮ ገበያ የቀረጸውን ፊልም ለማየት ግማሹ የጂንካ ሰው የመጣ ይመስል ነበር። አክስቷም ከካኮ በአይሱዙ ተጭና መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። ለቀረጻው ስትል ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር እንደ አዲስ ተሠርታ ነበር፤ ይህ ለአንዲት የበና ሴት ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ግን ወደ ፀደይ ዞራ በበና ቋንቋ፣ «ይቺ ማን ናት? እኔ አይደለሁም» አለቻት። ፀደይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከላፕቶፑ ጀርባ ጓደኛዋን ያቤጽን ላብ አጥምቆታል። ጠዋት ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ገልብጦ በግድ ሲገፋው፣ ፀደይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምታለች። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር አሰገደች ችግሩን ሲጠይቁት ግን ዓይኑን ሳያሽ ፕሮጀክተሩ አርጅቷል አላቸው። ፕሮጀክተሩን ከቤተ ክርስቲያናቸው አምጥተው ያዋሱት ጋሽ ጥላሁን ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሊነቅሉት ተነሱ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ» አለች ፀደይ።

የላፕቶፑን ስክሪን አየች። እዚያ ላይ የአክስቷ ፀጉር ቀይ ነው። እንግዲያው ፊልሙ ጤነኛ ነው። ቀጥላ ኬብሉን ነካ ነካ ስታደርገው፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልቧ ዘለለ። ኬብሉን ነቅላ ጫፉን ብታይ፣ ከተደረደሩት ቀጫጭን ፒኖች አንዱ ተጣሞ ተኝቷል። ቀዩን ቀለም የሚያሳልፈው እሱ መሆን አለበት።

ያቤጽ ጠጋ ብሎ፣ «ፊልሙን ጥቁርና ነጭ እናድርገው፣ ማን ያውቃል?» አላት። ፀደይ ከሻርፗ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ፣ አክስቷ ጨሌ ስትደረድር እንደምታደርገው ትንፋሿን ይዛ ፒኑን ቀስ በቀስ አቀናችው። ከተሰበረ አለቀ፤ አክስቷም አረንጓዴ ሆና ካኮ ትገባለች።

ኬብሉን ሰካችው።

ግድግዳው ቀላ። ጨሌው ቀላ፣ የካኮ አቧራ ቀላ፣ ፀጉሩማ ሊነካ የደረሰ ይመስላል። አክስቷ ብድግ ብላ የራሷን ፀጉር እየዳሰሰች፣ «እኔ ነኝ» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ የፀደይም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ፊልሙ ሲያልቅ ቲቸር አሰገደች ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቁ። ጋሽ ጥላሁንም እጃቸውን ፕሮጀክተራቸው ላይ አሳርፈው መልሱን ይጠብቃሉ።

«አቦ ተይው፣ ሠርቷል አይደል?» አለ ያቤጽ በሹክሹክታ።

ፀደይን አሁንም ደስታው አልለቀቃትም። መርፌ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«አንተ ንገራቸው» አለችው። «ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያ ሄዳ አክስቷ አጠገብ ተቀመጠች። ዞራ አላየችም። ከኋላዋ ያቤጽ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ቀጥሎም «ጋሽ ጥላሁን» ሲል ሰማችው።