በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ

«የሳይንሱ መምህር ዝውውር ጠይቋል አሉ» አለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ እያቀበለቻት። ትናንትም ብላለች፤ ከትናንት ወዲያም። ማን እንዳለ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «እንዴ፣ ይወራላ!»

ቁልፍ ተቀባይዋን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መምህራኑ «ሰንጢ» ይሏታል፤ ለምላሷ ያወጡላት ስም ነው። የኮሌጅ ደጅ ረግጣ አታውቅም። የምታውቀውን ያወቀችው አቧራ እያራገፈች ከምትደረድራቸው መጻሕፍት ነው፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ሲመሽ የምትገባው ከአክስቷ ግቢ ጀርባ ወዳለች ክፍል ነው። በሩን ስትከፍት «ማነው?» የሚላት የለም።

ርእሰ መምህሩ «መጻሕፍቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም» ብለው የስድስተኛ ክፍልን የሳይንስ ትምህርት ከሳይንሱ መምህር ጋር እንድታቅድ ሲመድቧት ደስታዋን በኩርፊያ ሸፈነችው።

ስለ ውሃ የሚያወራው ምዕራፍ ብቻውን ዓመቱን ሊውጥ ደርሶ ነበር። መምህሩ የትምህርቱን ዓላማዎች በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ጠረጴዛው ላይ በተናቸው።

«ሦስት ቦታ እንለያቸው» አለ። «ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚይዘው፣ ቢያውቀው የሚጠቅመው፣ ሰምቶት ቢያልፍ የማይጎዳው።»

ለይቶ ሲጨርስ ክምሮቹን አየችና፣ «ሁሉንም የመጀመሪያው ላይ ቆለልካቸው እኮ! የምታስተምረው ልጅ ነው ጎተራ?»

«እሺ፣ አንቺ ቀንሺ።»

«ይቺ ትውጣ። ውሃ መለካት ምን ያደርግላቸዋል? በዓይን የሚታይ ነገር!»

መምህሩ ተነሳ። በረጅም ብርጭቆና በሰፊ ሳህን ውሃ ሞልቶ ፊቷ አስቀመጠ። «የቱ ይበልጣል?»

«ብርጭቆው ነዋ።»

ሳህኑን በጆግ ለካው፤ ከዚያ ብርጭቆውን። የሳህኑ በለጠ። ሰንጢ ፌዙን ጠበቀች፤ አፏ ላይ መልስ አዘጋጅታ። እሱ ግን አልሳቀም። ወረቀቷን አንስቶ ወደ መጀመሪያው ክምር መለሳትና እጁን አደረቀ። ስትሳሳት ያልሳቀባት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ የክፍሏ ጸጥታ ከወትሮው ከበዳት።

ቀጥሎ ምዕራፉን የሚመራ ጥያቄ ፍለጋ ሆነ።

«በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይመራም» አለ እሱ። «ልጁን ወንበሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል።»

ስንት ጥያቄ ተጣለ! በመጨረሻ እሷ፣ «የጠጣነው ውሃ ከእኛ በፊት የት የት ነበር?» አለች።

ቀስ ብሎ ደገመው። ከዚያ ጥያቄውን ትቶ እሷን አያት፤ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ጣለች።

ጠዋት ጠዋት ግን ጸሐፊዋ አለች። «ዛሬ ነገ ይሄዳል፣ እኔ ነኝ ያልኩሽ።» ሰንጢም በልቧ፣ ሻንጣውን ለሸከፈ ሰው «ሰምቶት ቢያልፍ የማይጎዳው» ክምር ውስጥ አልገባም አለች።

ምዕራፉ ባለቀ ዕለት ወረቀቶቹን ሲሰበስብ ዘገየ።

«አንድ ጥያቄ ቀረኝ።»

«አለቀ እኮ ሰውዬ!»

«ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?»

ከውጭ የልጆች ኳስ ግድግዳውን መታ፤ ደግሞ መታ። ልትጠይቀው ይገባ ነበር፤ ትሄዳለህ ወይ ልትለው። ኩራቷ ቀደማት።

«በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይመራም። ያልከው ራስህ ነህ።»

ስቆ እንዲደግመው ጠበቀች። ቢደግመው እሺ ልትል ነበር።

«ልክ ነሽ» አለ በለሆሳስ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ትቶላት ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር መጣ። «አላልኩሽም?» አለች ጸሐፊዋ። ልጆቹ የውሃውን ጥያቄ ይዘው ቤተ መጻሕፍት ይመጡ ጀመር፤ እሷም መጻሕፍት ታወጣላቸዋለች፤ ሲወጡ ወንበሮቹን ትመልሳለች። ከዓመታት በኋላ የቀድሞው መምህር በሄደበት ማግባቱን፣ ልጅ መውለዱንም ሰማች። «እሰይ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ጸሐፊዋ ጡረታ የወጣች ዕለት ጠረጴዛዋን እያጸዳች የድሮውን ሁሉ ታነሳለች፤ ማን ማንን እንደጠላ፣ ማን ምን እንዳለ።

«የሳይንሱ መምህርማ ጉደኛ ነው» አለች እየሳቀች። «እኔ ያኔ ዝም ብዬ ነበር የማወራው፤ ወጣት መምህር የት ይቀመጣል ብዬ። ዝውውር የጠየቀው እኮ የውሃውን ምዕራፍ የጨረሳችሁ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ነው።»