ጀርባዋን የሰጠችው ንግሥት

አዘጋጁ ብርሃነመስቀል በዐውደ ርእዩ አዳራሽ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን የተመታበት የነሐስ ዋንጫ አጠገቡ ወድቋል። በየጠረጴዛው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የጀሶ ምስሎች እሱ ያዘጋጃቸውን ቴአትሮች ይጫወታሉ።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለው አዳራሽ ስትደርስ፣ ጥበቃው በዳዳ በካቴና ታስሯል።

«ምን አገኛችሁበት?»

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል?» አለ ሳጅን ታዴዎስ።

«ድሃ መሆኑን ነው ያገኘህበት!» ደሟ ፈላ።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፦ በዳዳ፣ የሟች ሚስት ናዝራዊትና የቀድሞዋ ተዋናይት ሙሉጌጥ።

«ባልሽ ጠላት ነበረው?»

«ወረፋ ይዘው!» አለች ናዝራዊት፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ እርስዎስ አዳራሹ ገብተው ነበር?»

«በረንዳው ላይ ነበርኩ ልጄ። ከሃያ ዓመት በፊት ከመድረክ ያባረረኝ ሰው መጥራቱ ራሱ ገርሞኛል።»

ሥርጉት ንግሥት፣ አማካሪና ወታደሮች የቆሙበትን የመሃሉን ጠረጴዛ አጎንብሳ አየች። የአንዱ ወታደር ክንድ ተሰብሯል። ናዝራዊት ትናንት በስልኳ ያነሳችውን የጠረጴዛውን ፎቶ ተቀብላ አስተያየች፤ ከዚያ ሁሉንም ጠራች።

«በግብግቡ ጠረጴዛው ተናግቶ ምስሎቹ ወድቀዋል። ገዳዩ ግብግብ የነበረ እንዳይመስል መልሶ አቆማቸው። ወታደሩም፣ አማካሪውም በየቦታቸው ናቸው። ንግሥቲቱ ግን ትናንት ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ ዛሬ ፊቷ ወደ ተመልካች ነው።»

«ባሌ አውቆ ነው ጀርባዋን ያዞራት፤ በትርዒቱ ፊቷ ወደ ተመልካች ነበር» አለች ናዝራዊት።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የደረደርሽው አንቺ ነሽ። ጋሽ በዳዳም ሁለት ሳምንት አቧራቸውን ጠርጓል። ሁለታችሁም ብትሆኑ ጀርባዋን አዙራችሁ ታቆሟት ነበር። ይህን ያቆመው ትርዒቱን የሚያውቅ፣ ዐውደ ርእዩን ግን የማያውቅ እጅ ነው። ያኔ ንግሥቲቱን የተጫወተችው ማን ነበረች? እትዬ ሙሉጌጥ፣ እጅጌዎ ላይ ያለው ነጭ ጀሶ በረንዳው ላይ የለም።»

ሙሉጌጥ እጅጌዋን አላራገፈችም። ቀና አለች።

«"የምታምሪው በዚህ በኩል ነው" ብሎ የምስሌን ጀርባ አሳየኝ፤ እየሳቀ! ስሜን አጥፍቶ ካባረረኝ በኋላ ሊስቅብኝ ጠራኝ። ዋንጫው ቅርቤ ነበር። ዛሬም ቢነሳ እደግመዋለሁ።»

ሥርጉት የበዳዳን ካቴና ፈታች። ሽማግሌው የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሸ ወደ ሳጅኑ ተጠጋ።

«ስምህን ከነአባትህ ጻፍልኝ።»

«ለምን?»

«ልከስህ ነዋ!»

ሥርጉት እስክሪብቶዋን አውጥታ ለሳጅኑ አቀበለችው።