ወልደገብርኤል ገረሱ፣ ገጽ 41

ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን ሆኗል... ልደታ ትመስክርብኝ።

2002 ዓ.ም፣ ሰኔ ወር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልክ ዘጠኝ ሰዓት። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለው የምርምር ቢሯችን፣ ሦስተኛ ፎቅ። በጠራ የቀን ብርሃን።

ነገሩ የጀመረው ግን ከሁለት ወር በፊት ነው።

ሙፊዳ ከምትባል ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራ ነበር። ሥራችን የቆሸሸ ውሃ መመርመር ነው። ስትቀጠር ናሙና አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በኋላ አለቃችን ለሁሉም ነገር "እስቲ ሙፊዳን ጠይቁ" ማለት ጀመሩ።

ፊቴ ይስቃል... አንጀቴ ያርራል።

ይባስ ብሎ ለዶክትሬት የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ወይ እሷ፣ ወይ እኔ።

እሷ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን ስለሚያጠሩ ተሕዋስያን ጽፋ ለአንድ የውጭ ሪቪው ጆርናል ላከች። እንዲህ ያለ መጽሔት አዲስ ሙከራ አያወጣም። በየአገሩ ሰው የደከመበትን ሁሉ ሰብስቦ "እዚህ ደርሰናል፣ ይሄ ይቀረናል" የሚል ነው። ተማሪውም አስተማሪውም መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

እዚያ ላይ ከወጣላት አለቀልኝ ማለት ነው።

አንድ ቀን ኢሜይሌን ስከፍት... መጽሔቱ የሷን ጽሑፍ እንድገመግም ለኔው ልኮልኛል። የገምጋሚ ስም አይነገርም። እንደምንተዋወቅ አላወቁም። "አብረን ነው የምንሠራው፣ ለሌላ ስጡት" ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም።

አነበብኩት። የሁለት ዓመት ልፋት፣ መቶ አርባ ጥናት። አንድ ስህተት አጣሁበት። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ይህ ሁሉ ከዚህ በፊት ተብሏል፣ የወልደገብርኤል ገረሱን የ1981 ጽሑፍ ይመልከቱ። ርዕስ ሰጠሁት። ገጽ 41 ብዬም ጨመርኩበት።

እንዲህ የሚባል ጸሐፊ የለም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት።

በሳምንቱ ጸሐፊያችን እትዬ ወለተሥላሴ አንድ ሽማግሌ ስልክ ደውለው እንደፈለጉኝ ነገሩኝ። ማን ልበል ሲሏቸው "ስሜን ደገፋ ያውቀዋል" ብለው ዘጉት አሉ።

ማን ይሆን ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ግምገማው ደርሷት ሙፊዳ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

"ደጌ... ወልደገብርኤል ገረሱ የሚባሉ ሰው ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

ከየቤተ መጻሕፍቱ ስትፈልግ ከረመች። እኔ ውስጤ ይስቃል። የሌለ ነገር ፈልጊ፣ እንግዲህ ምን ታመጪያለሽ!

አመጣችው።

ስስ፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ጥራዝ ነው። ርዕሱ እኔ የሰጠሁት። ገጽ 41 ላይ የሷ ሐሳብ... ቃል በቃል። ከጎኑ አንድ ሰው ድሮ በእርሳስ አስምሮበታል።

ሽፋኑን ገልብጬ ዓመቱን አየሁ... 1981።

"ወላሂ አንብቤው አላውቅም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሳላውቅ ሰርቄ ይሆን?"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ... ከፍርሃቱ ስር ደስ ብሎኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጽሑፏን ከመጽሔቱ አስመለሰች። የዶክትሬቱ ዕድል ለኔ ሆነ።

እንግዲህ ያቺ ዓርብ መጣች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙፊዳ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ አሉ።

"አገኘኋቸው" አለችኝ። "እዚሁ አብነት ሰፈር ነው የሚኖሩት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ነው።"

ጨበጡኝ። እጃቸው በረዶ ነው።

ውጭ ሲዘንብ ነው የዋለው፣ የአብነት ጭቃ ደግሞ የታወቀ ነው። የሳቸው ጫማ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ኮታቸው ቁልፍ አለው... የቁልፍ ቀዳዳ ግን የለውም።

ሙፊዳ አገራቸው የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ዞረው እኔን አዩኝ።

የት እንደተማሩ ጠየቀቻቸው። አሁንም እኔን አዩኝ።

ሰውዬው ደክሟቸዋል ብላ ሻይ ልታመጣ ወረደች። በሩ እንደተዘጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ትንፋሽ የላቸውም።

"ስም፣ ዓመት፣ ርዕስና አንድ ገጽ ብቻ ነው የሰጠኸኝ" አሉኝ። "ሌላው ባዶ ነው... ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

ወደ በሩ አየሁ።

"ቶሎ በል፣ እየመጣች ነው። ልጆች አሉኝ?"

ሙፊዳ ሻዩን ይዛ ገባች። አጠገባቸው አስቀመጠችና በአክብሮት ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው።

"አባባ፣ ልጆች አሉዎት?"

አዩኝ። ጠበቁኝ።

"አንድ አለኝ" አሉ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

ሙፊዳ እኔንም እሳቸውንም አየች። የገጽ 41ን ነገር ማን እንደጻፈው ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት።

"ደጌ... አላውቃቸውም አላልከኝም?"

"ያፍርብኛል" አሉ ሽማግሌው።

ያ በረዶ እጅ ትከሻዬ ላይ ቀስ እያለ መሞቅ ጀመረ።