ለፉጨቱ የተሰጠው መልስ

«አባትሽ ዛሬም አልሄደም?» አለ ጆስ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሄስተርና ጓደኛዋ ጆስ የባሕር መከላከያው ግንብ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው ሸሽቷል፤ እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች ጭቃውን በምንቃራቸው እየወጉ ትል ይለቅማሉ። ከኦርዌል ወንዝ ማዶ የፊሊክስቶው ወደብ ክሬኖች እሑድ መሆኑን ሳያውቁ ኮንቴይነር ያወርዳሉ።

የአባቷ ሥራ በትንሽ ጀልባ እየቀረበ የመርከቦቹን ገመድ ወደቡ ላይ ማሰር ነው። ያለፈው ሐሙስ አመሻሽ ግን ከውሃው ቀጥ ብሎ ቤት ገባ፤ ቦቲውን አወለቀ፤ ከዚያ ወዲህ አላጠለቀውም። ሰባቱን አፏጪዎች ሰምቻለሁ አለ። በጨለማ፣ ሳይታዩ፣ ሰባት ወፎች ሲያፏጩ የሰማ የጀልባ ሰው ውሃ ላይ አይወጣም። ከወጣ አይመለስም ይባላል። አለቃው የቢሮ ሰው ስለሆነ ይህ አይገባውም፤ ነገ ካልመጣ ሌላ እንደሚቀጥር በስልክ ነግሮታል።

ጆስ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም ሐሙስ ዕለት ግንቡ ሥር፣ ሣሩ ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያ ደብቆ የወፍ ፉጨት ያጫወተው እሱ መሆኑን ነገራት።

«ለቀልድ እኮ ነው። ይደነግጣል ብዬ እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ይቀመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ደደብ ነህ።»

«እሺ፣ ነኝ። ግን እንዳትነግሪው። አንገቴን ነው የሚቆለምመው።»

ቤት ስትደርስ አባቷ ማንቆርቆሪያ ይወለውላል። ሥራ ከተወ ወዲህ በቤቱ ያልተወለወለ ነገር የለም፤ ድመቷ እንኳ ሲያያት መሸሽ ጀምራለች። ሄስተር ሁሉንም ነገረችው። ይጮሃል ብላ ነበር። አልጮኸም።

«የጆስን ፉጨት አውቄዋለሁ» አለ። «የማሽን ወፍ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው የሚያፏጨው። ጀልባዬ ላይ ሆኜ ሳቅሁበት።» ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «ከዚያ መልስ መጣለት።»

«ከማን?»

«ከጀርባዬ፣ ከጨለማው። አንድ በአንድ። ወፍ መሆናቸው ጠፍቶኝ አይደለም፣ ሄስተር። ሰባት መሆናቸው ነው።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ሲለማመጥ አይታው አታውቅም።

«ምናልባት ያኛውንም ያጫወተው ጆስ ይሆን?»

አዎ ብትለው ይበቃል። ነገ ቦቲውን አጥልቆ ይሄዳል፤ ጆስ እንደሆነ አንድ ጥፋት ቢጨመርበት አይጎብጥም። ግን በእሷ ውሸት ተማምኖ ውሃው ላይ ብቻውን የሚሆነው አባቷ ነው።

«አይደለም፣ አባዬ» አለችው። «እሱ ያጫወተው ከግንቡ ሥር ብቻ ነው።»

አባቷ ትንፋሹን ለቀቀ። እብድ ነህ ይሉኛል ብሎ ሲፈራ የከረመ ሰው ይመስል ነበር።

«ነገ እስከ ጀልባው አብሬህ እመጣለሁ» አለች። «ቆመን እናዳምጣለን። መውጣት አለመውጣቱን ያን ጊዜ ትወስናለህ።»

መስኮቱ ጠቁሯል።

«ኮፍያ አድርጊ» አለ አባቷ። «እዚያ ማለዳ ይበርዳል።»