ሚስ ሄስተር የተጫወተችው ሰው

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። አክስቴ እትዬ በላይነሽ ስለ ዛር ማውራት ሲጀምሩ ሳቄን ለመደበቅ ወጣ የምል፣ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህ እንኳ «ይቺ ደግሞ አበዛችው» የምል ሰው ነኝ፣ ስለዚህ «አበደች» ከማለታችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ካልጋሪ ካለው ሰፈሬ ከራንድል ተነስቼ ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር፣ ሚስ ሄስተር ቤት እሄድ ነበር። እንግሊዛዊት ተዋናይት ናት፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ከከተማ ከተማ የሚዞር የቴአትር ቡድን ውስጥ ገብታ፣ ንግሥትም፣ ገረድም፣ ዓይነ ስውር ለማኝም፣ አንዴማ ጢም ለጥፋ ቄስም ሆና የሠራች፣ ከዚያ ፊልም፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ በስተርጅና ደግሞ ልጇ ካልጋሪ ያመጣቻት። የሳሎኗ ግድግዳ በፎቶዎቿ ተሞልቷል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም፣ የራሷን ፊት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ጠላችኝ። ለምን ብትሉኝ እንጃ፣ ምናልባት ያጨበጨበላት ሕዝብ ሁሉ አልቆ፣ ገላዋን እያጠብኩ ራቁቷን የማያት እኔ ብቻ ስለቀረሁ ይሆናል። ሾርባ ሳቀርብላት በራሴው ድምፅ፣ በራሴው አክሰንት «ሚስ ሄስተር፣ ፕሊስ ትንሽ ብቻ» ትለኛለች፣ አማርኛዋን በስልክ ሳወራ ሰምታ ለቅማ መሆኑ ነው። ልጇን ስትሆን ልጇን፣ ሐኪሟን ስትሆን ሐኪሟን ናት። እኔም አልወደድኳትም፣ ምን ያዋሸኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ወንድሜ ዳዊት ከስምንት ወር በፊት እዚሁ ካልጋሪ በድንገት ሞተ። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ደግሞ ልበ ደካማ ናት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤቷ ሄዶ ነው የሚያረዳት፣ እኔ ግን «ቆዩ፣ ትንሽ ትጠንክር» እያልኩ አዘገየኋቸው። እስከዚያው ዳዊት ለእኔ የላከልኝን ሦስት የድምፅ መልእክት፣ «እማዬን ሳሚልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለውን ዓይነት፣ እያፈራረቅኩ በስልክ አሰማታለሁ።

ሚስ ሄስተር ይህን ስትሰማ ከርማ አንድ ቀን «ሰውዬው ማነው?» አለችኝ። ፈረንጅ ናት፣ ለማን ትነግራለች ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሳቀችብኝ።

«በሦስት መስመር ስምንት ወር? ምን ዓይነት መናኛ ተዋናይት ነሽ» አለች። «እኔ ብሆን ታምነኝ ነበር።»

ከጥቂት ቀን በኋላ የሆነው ነገር ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፌ ነው እል ነበር። ግን ረፋድ ነው፣ የውጭው በረዶ ዓይን እስኪያሳምም ያበራል፣ እኔ ኩሽና ገንፎዋን እያማሰልኩ እማዬን ስፒከር ላይ አድርጌያታለሁ። መጀመሪያ ከመኝታ ቤቱ ጉሮሮ መጥረግ ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ ልክ ዳዊት ከመናገሩ በፊት እንደሚያደርገው። ከመልእክቱ ላይ ሰምታ ነው አልኩ። ቀጥሎ እንጨት በጣት ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ዳዊት ሲያስብ ጠረጴዛ የሚመታው አመታት፣ ይሄ ግን እመኑኝ፣ መልእክቶቹ ላይ የለም።

«እማዬ፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ?» አለ የዳዊት ድምፅ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ዳዊቴ፣ አንተ ነህ? ምነው እንዲህ ጠፋህ ልጄ?» አለች እማዬ።

«አዜብ ናት እኮ ስልኩን የማትሰጠኝ» አለ፣ ስሜን ጠርቶ።

ማማሰያውን ጥዬ ሮጥኩ። ሚስ ሄስተር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፣ ትከሻዋን ይዤ ወደ እኔ ሳዞራት አፏ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከኩሽና ግን እማዬ አሁንም እያወራች ነው፣ ትጠይቃለች፣ ዝም ብላ ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ እኔ የሚመልስላትን አልሰማም። ሚስ ሄስተር በጥላቻ ትኩር ብላ አየችኝ።

«እናትሽ የምትፈልገው እሱን ነው፣ አንቺን አይደለም» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

ሚስ ሄስተር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞተች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እሑድ ለእማዬ ደውዬ እንደ ልማዴ መልእክቱን ላሰማት ስል «ተይው፣ እሱ ራሱ እየደወለልኝ ነው» አለችኝ፣ እንደ ባዳ።

ያኔውኑ አዲስ አበባ ላሉት ለእትዬ በላይነሽ ደውዬ «ዛሬ ነገ ሳትሉ አርዷት» አልኳቸው። ሰባት ሆነው በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እማዬ አላለቀሰችም። አስቀምጣ ሰማቻቸው፣ ስልኳ ሲጮህ አነሳችና «አዎ፣ እዚህ ናቸው፣ ሞቷል እያሉኝ ነው» ብላ ለእትዬ በላይነሽ አቀበለቻቸው።

እናቴ ለልጇ ሳታለቅስለት ቀረች፣ ለቅሶዋን የነፈግኳት እኔ ነኝ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እትዬ በላይነሽ ምን እንደሰሙ ብዙ ጊዜ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «አንቺን ጠየቀኝ» አሉኝ።

«ምን ብሎ?»

«ስደውልላት ለምን አታነሳም ብሎ።»

ከሚስ ሄስተር ቀብር ጀምሮ ረፋድ ረፋድ ላይ የሚደወልልኝ፣ ቁጥሩ የማይታይ ስልክ አለ። ማስታወቂያ ይሆናል እያልኩ ነበር የማላነሳው።