የግራው ፓራፋንጎ

እህቴ በራሷ ጥፋት ሞተች ብለው ከጻፉ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። «ሟች ግራ ቀኟን ሳታይ በቸልተኝነት መንገድ በማቋረጧ» ይላል ወረቀቱ። የገጫት መኪና አልቆመም። አንድ ሽንኩርት ቸርቻሪ አረንጓዴ መኪና አየሁ ብሎ ነበር፤ ቃሉን የተቀበለው የለም። እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ መንገድ ስትሻገር እጄን ጨምድዳ የምትይዝ ፈሪ። እናቴ ያን ወረቀት ካስነበበች በኋላ «ምነው ዓይንሽን ብትገልጪ» እያለች ሟች ልጇን ስትቆጣ ኖራ ሞተች። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ያቺን አንዲት መስመር ግን በቃሌ አውቃታለሁ።

ባሌ የሞተው ማክሰኞ ቀን ነው። የሆቴል አንሶላ ከማጥብበት ሥራ ቤት አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ እግሮቹ ከሙሽሪት ሥር ወጥተው አየሁ።

ሙሽሪት ያላት እሱ ነው። ያገባን ሰሞን ታላቅ ወንድሙ ያኔ ከሚኖርበት ከተማ አስጭኖ ያመጣት ነጭ አሮጌ መኪና ናት። «ሞተሯ ነዷል፤ ዶሮ አርቡባት» ብሎ ጓሯችን ላይ ጣላት። እውነትም ስንት ዓመት ዶሮ አረባሁባት። ኋላ ባሌ በቶርኖ ሠራተኛነት ያገለገለበት ፋብሪካ ሲዘጋ ዶሮዎቼን አስወጥቶ እሷን ሊያድስ ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት! አንዱን ዓመት ወለሏን፣ አንዱን ዓመት በሮቿን፤ የዛገውን እየቆረጠ፣ አዲስ ቆርቆሮ እየበየደ። እኔን «እንዴት አደርሽ» ሳይል እሷን ሲዳብስ ያረፈደበት ቀን ብዙ ነው።

«ተነሥ፣ ሻይ ላፍላ» አልኩት። አልተነሣም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ክሪኩ ወርዶ የመኪናዋ ክብደት ደረቱ ላይ ነበር።

መርማሪዋ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ እኔን ያያል። ቁመቷ አጭር፣ ጫማዋ የወንድ፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። የኋላ ክፍላችንን የተከራየችው አስተማሪ የሰማችውን ቀድማ ነግራታለች።

«እትዬ፣ ጠዋት ምን ብለውት ወጡ?»

«ሙሽራህ ላይህ ላይ ትውደቅብህ።»

«ወደቀችበት።»

«አየሁ።»

ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያን ሰዓት እጄን ቢያስሩት የሚከራከርልኝ አልነበረም፤ እኔም ለራሴ አልከራከርም ነበር። እሷ ግን መሬት ላይ ተንበርክካ የባሌን ቀኝ እጅ ማየት ጀመረች። መፍቻ ይዟል።

«ይሄን ምን ይሉታል?»

«አሥራ ሰባት ቁጥር።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለኮምፕሬሰሩ፣ ቀለም ለሚረጭበት ማሽን ነዋ፤ እዚያው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው የሚቀመጥ። ሙሽሪት በዚህ አትፈታም። ብሎኖቿ በኢንች ናቸው። ግማሽ፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ። በሌላ ከተነካች የብሎኑ ራስ ይላጣል።» በጨርቅ የተጠቀለሉትን የሙሽሪትን መፍቻዎች ከመደርደሪያው አምጥቼ ዘረጋሁላት። አንድም አልጎደለም።

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«እሱ ከሥር ሆኖ ሲጠራ እኔ ሳቀብል። ትምህርት ቤት ያልገባኝ ክፍልፋይ በመፍቻ ገባኝ።»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጫማው ተመለሰች። የግራው ጫማ አፍንጫ ላይ ሁለት ግራጫ ጠብታ ነበር። ከበላዩ ያለው የግራው ፓራፋንጎ፣ የፊት ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ በግራጫ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀብቷል። በጣቴ ነካሁት፤ ያዘኝ። ገና እርጥብ ነው። መርማሪዋ ጥፍሯን ጠርዙ ላይ አሳረፈች፤ ፋቀች፤ የፋቀችውን አይታ መዳፏን ጨበጠች። ምን እንዳየች አልነገረችኝም።

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የራስ ቅሉ ከኋላ መመታቱን አስታወቀ። መኪናዋ ከመውደቋ በፊት ሞቷል አለ። መርማሪዋ ጓሮዬ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ሰው ትጠይቅ ጀመር። እኔ ልብስ ማስጫው ሥር ነበርኩ፤ ሂጂ ያለኝ የለም።

አስተማሪዋ መጀመሪያ መጣች። ከባሌ ጋር በመፋቂያ ማሽኑ ጩኸት የተነሣ ስትነታረክ የኖረች ናት።

«ማክሰኞ ማሽኑ ስንት ሰዓት ላይ ዝም አለ?»

«አራት ሰዓት ላይ። ስንት ዓመት የለመንኩት ዝምታ ሲመጣ ደንግጬ ደብተር የማርምበትን እስክሪብቶ ጣልኩ። ከዚያ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ድምፁ ግን ያመመው ሰው ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።»

«ሲሄዱ ምን ያደርግ ነበር?»

«ምንም። ኩርሲው ላይ ተቀምጦ መኪናዋን ያያል።»

ቀጥሎ ባትላሜራው መጣ። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌን የሚያግዝ፣ ለቀልዱ ልክ የሌለው ወዳጃችን። ከመግባቱ ፓራፋንጎውን አይቶ ጮኸ።

«ማን ነው ይሄን የለቀለቀው?»

«እሱ አይደለም?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ? አንድ ብናኝ ካየ ሦስት ቀን የሚያኮርፍ ሰው? ፍቆ፣ በቤንዚን ወልውሎ፣ አድርቆ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር ነው የሚረጨው! እዩት፣ አቧራው ከነነፍሱ ከሥሩ አለ። በብሩሽ! የሽንት ቤት ግድግዳ አደረጋት እኮ።» ሊስቅ አፉን ከፈተና እንባው ቀደመው።

«ይሄን ጎን ለምን እስከ መጨረሻ አቆየው?»

«ወንድሙ ነዋ። በመጣ ቁጥር የፊቷ ጤነኛ ነው፣ አትንካው ይላል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ማግኔት ለጠፍኩበት፤ ወደቀ። ቆርቆሮ ቢሆን ይይዝ ነበር። ከሥሩ ስቱኮ ነው የተሞላው፣ የተጨረማመተ ነገር ሸፍነውብሃል አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ማክሰኞ እፍቀዋለሁ አለ።»

ታላቅ ወንድሙ ከሰዓት በኋላ መጣ። ዛሬ እዚሁ ከተማ ዳር ወፍጮ ቤት አለው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ጥቁር ለብሷል። እኔን አቅፎ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

«ማክሰኞ የት ነበሩ?» አለችው።

«ወፍጮ ቤቴ።»

«ወንድምዎ አራት ሰዓት ላይ ደውሎልዎት ነበር።»

«አዎ፣ ደውሏል። ከሥር ገብቼ ልሠራ ነው አለኝ። ያ ክሪክ አይታመንም ብዬው ነበር፤ ይሰማል እንዴ!»

«መኪናዋን ሲገዟት ቀለሟ ምን ነበር?»

«ነጭ። እንደምታዪያት።»

«አመሰግናለሁ» አለችው። ሌላ አልጠየቀችውም። እኔ በልቤ ይቺ ልጅ ሥራዋን አታውቅም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁላችንንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበችን። ባትላሜራው ግድግዳ ተደግፎ፣ አስተማሪዋ ደብተሮቿን አቅፋ፣ ጋሼ ብቸኛው ወንበር ላይ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን «እትዬ፣ አጠገቤ ይሁኑ» አለችኝ። ልይዝሽ ነው ማለቷ መስሎኝ ነጠላዬን አጠበቅሁ።

«ሰውዬው ከሥር ሲሠራ መኪና የተጫነችው እንዲመስል ነው የተደረገው» ብላ ጀመረች። «ግን እጁ ላይ ያለው መፍቻ የዚህችን መኪና አንድ ብሎን አይፈታም። ገዳዩ በቅርብ ያገኘውን ነው ያስያዘው። እትዬ ቢሆኑ ኖሮ ትክክለኛውን ያስይዙት ነበር፤ ስንት ዓመት አቀብለዋል። ባትላሜራውም እንደዚሁ።»

ባትላሜራው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሁለተኛ፣ ቀለሙ። ሟች ጫማ ላይ ሁለት ጠብታ ወርዷል፤ ጠብታውም ያልተሰነጠቀ፣ ያልተረገጠ ነው። ስለዚህ ፓራፋንጎው የተቀባው ሰውዬው ከሥሩ ከተኛ በኋላ ነው። የሞተ ሰው አይቀባም። ገዳዩ አስከሬን እግር አጠገብ ቆሞ ብሩሽ ይዟል።»

«ምን አስቸኮለው?» አለች አስተማሪዋ።

«ጥያቄው እሱ ነው። ዘርፎ አልሄደም፤ አልሸሸም። ቀባ። የሚሸፈን ነገር ስለነበረ ነው።» ከኪሷ የላሜራ መፋቂያ አውጥታ ለባትላሜራው ሰጠችው። «ይፋቁልን።»

ፋቀ። ግራጫው ተነሣ። ከሥሩ ባሌ ማክሰኞ ጠዋት የፋቀው ቦታ ወጣ። ዳር ዳሩን ነጭ፣ ወደ ውስጥ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ፣ መሀሉ ላይ የተጎደጎደ ቆርቆሮ። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቀለም አረንጓዴ ነበር።

ሽንኩርት ቸርቻሪው ያየው አረንጓዴ ነው ብዬ እጄን ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩ። መርማሪዋ ክንዴን ያዘችኝ፤ ለካ አጠገቤ ይሁኑ ያለችኝ ለዚህ ነው።

«የእትዬን እህት አሟሟት፣ የአረንጓዴውን መኪና ወሬም ከጎረቤት ሰምቼ የመኪና ምዝገባ ቢሮ ደውዬ ነበር» አለች ወደ ጋሼ ዞራ። «ይቺ መኪና በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የተመዘገበች፤ በተገዛች ቀን ቀለሟ አረንጓዴ ተብሏል። እርስዎ ግን ነጭ ነበረች አሉኝ። ስለ ቀለም የሚዋሽ ሰው ብዙ አይገኝም፣ ጋሼ። አራት ሰዓት ላይ ወንድምዎ ያየውን አይቶ ደወለልዎ። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጡ። የወፍጮ ቤት ልጆችዎ እርስዎ ምሳ ሰዓት ላይ አልነበሩም ብለውኛል፤ ሲመለሱም የሸሚዝዎ እጅጌ ላይ ግራጫ ነገር አይተው ዱቄት መስሏቸዋል።»

ጋሼ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ። ሲናገር ያየው እኔን ነው።

«ልጠይቃችሁ እየመጣሁ ነበር። ከፊቴ ገባች። የማን እህት እንደሆነች በምን አውቃለሁ? ቀብር ላይ ነው ያወቅሁት።»

ቀብሯ ላይ ፀሐይ በርትታ ጃንጥላ የያዘልኝ እሱ ነበር።

«ታዲያ እኔ ጓሮ አመጧት?» አልኩት።

«የት ልጣላት? እናንተ ዘንድ ማን ይፈልጋታል ብዬ ነው። ትዛግና ታልቃለች ብዬ ነው። ማን ያድሳታል ብሎ ያስባል?»

እህቴን የገደለች መኪና ውስጥ እንቁላል ስለቅም ኖሬያለሁ።

«ባሌ ምን አለዎት?»

«በል አንተው ንገራት አለኝ። እምቢ አልኩ። ፊቱን ወደ መኪናዋ ሲያዞር…» እጁን አየ። «ብረት ነበር አጠገቤ።»

«ሊነግረኝ ነበር ወይ? እርስዎ እምቢ ቢሉ እሱ ሊነግረኝ ነበር ወይ?»

«አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ውሸት ውስጥ ይቺን እውነቱን ተናገረ።

ሲወስዱት ከኋላው አላየሁም። ያየሁት ግድግዳውን ነው። የሥራ ቤቴን ስልክ ቁጥር ባሌ በገዛ እጁ በእርሳስ የጻፈው ከኩርሲው ክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ ነው። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ተቀምጧል። ወንድሙን ጠርቶ ጠብቋል። እኔ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ አንሶላ እጨምቅ ነበር። አዝኖልኝ ይሁን፣ ወንድሙን ሊያተርፍ ይሁን፣ ይሄን የሚመረምር መርማሪ የለም።

«ለባልዎ ይጠየቃል» አለችኝ መርማሪዋ ስትሰናበተኝ። «የእህትዎ ግን ዘመኑ አልፏል። በሕግ አይነሣም።»

«ወረቀቱስ?»

«የቱ ወረቀት?»

በቃሌ አልኩላት። ከዚያ የምርመራዋን ግልባጭ ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ።

የትራፊክ መዝገብ ቤት ሦስት ቀን ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ጸሐፊው «እናት፣ ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ። «ይከፈት» አልኩት። በሁለተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። ስብሰባው እስኪያልቅ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለምሳ የወጡት ሁሉ ተራምደውኝ አለፉ። በሦስተኛው ቀን ሲያዩኝ ጊዜ ፋይሉን ከነአቧራው አወጡት። ያቺን መስመር በቀይ ሰረዙ። ከግርጌዋ «አሽከርካሪው ገጭቶ አምልጧል፤ ሟች ጥፋት የለባትም» ብለው ጻፉ፤ ማኅተም መቱበት።

ጸሐፊው ግልባጩን ሲያቀብለኝ «በቃ፣ አለቀ እናቴ» አለኝ።

«አላለቀም። የፊተኛውን የጻፈው ማነው?»

ፊርማውን አየ፤ ባልደረባውን ጠየቀ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል አሉኝ። ሰፈሩን ነገሩኝ። ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ በሩን አንኳኳሁ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሽማግሌ ከፈተልኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ምንድን ነው?»

«ያንብቡት።»

«መነጽሬ ቤት ውስጥ ነው ያለው» አለኝ።

«ያምጡት፤ እጠብቃለሁ» አልኩት።